በእውነተኛ ቃል ስለሚነገር ሐሰት፤ ይኸውም የሲጋራ ነጋዴዎች ሴቶችን ስላታለሉበት ማስታወቂያ



በገበያ ቀን ወደ ቢቸና የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። ጤፍ ሻጩ ቁናውን በገዢው ዓይን ፊት ይሞላል፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ይቈጥራል። አሥር ቁና ባለ ጊዜ አሥር ጊዜ ሰፍሯል፤ በቍጥሩ ላይ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን የቁናው ታች ወደ ውስጥ የጎበጠ እንደ ሆነ፥ ገዢው ከቤቱ ደርሶ በራሱ ቁና ሲሰፍረው ዘጠኝ እንኳ አይሞላለትም። ይህ ሻጭ ዋሽቷልን? ከአፉ የወጣውን ቃል ሁሉ ብንመረምር አንድ ሐሰት አናገኝም። ሆኖም በቢቸናም ሆነ በሞጣ ይህን ሰው እውነተኛ ነው የሚለው የለም፤ ሌባ ይሉታል እንጂ።

በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምጠይቃችሁ ጥያቄ ይህ ነው። ሰው በእውነተኛ ቃል ሊዋሽ ይችላልን? ቢችልስ፥ ኀጢአቱ በግልጥ ከሚዋሸው ሰው ኀጢአት ያንሳልን ወይስ ይበልጣል? እግዚአብሔር በሙሴ እጅ ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ የሰጠው ሕግ (ዘሌዋውያን 19፥35-36) ለእህል ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ቃልም መስፈሪያ ነውና።

ይህን ለመጻፍ ምክንያት የሆነችኝ በሞጣ ያለች አንዲት ተማሪ ናት። አንድ ቀን በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ስለ ክርስቲያን ሰውነት ንጽሕና ስንነጋገር፥ እኔ ሲጋራ ማጨስ ለሴት ልጅ ትልቅ ነውር እንደ ሆነ ተናገርሁ። ያች ልጅም ከእኅቶቿ መካከል ተነሥታ፥ በትሕትና ነገር ግን ሳትፈራ፥ እንዲህ አለችኝ።

«ጋሼ፥ ወንድሜ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያጨስ ያየው ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶት ያልፋል። እኔ ባጨስ ግን ‘ጠፋች’ ይሉኛል። እንግዲያ ኀጢአቱ ከጢሱ ነው ወይስ ከሴትነቴ? በአሜሪካ አገር ሴቶች ሲጋራን የነጻነት ችቦ ብለው በአደባባይ እንደ ያዙት አንብቤአለሁ፤ ለምን እንደ ያዙት አሁን ገባኝ።»

እኔም የሰጠኋት መልስ ተግሣጽ ብቻ ነበረ። እርስዋ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ዝምታዋ ግን የተረታ ሰው ዝምታ አልነበረም። በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ቢቸና ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስብ የሄድሁት ይህን ነበር። የጠየቀችኝን አልመለስሁላትም። ስለዚህ ያ የነጻነት ችቦ የተባለው ነገር ከወዴት እንደ መጣ ፈልጌ አነበብሁ፤ ያገኘሁትንም ለእርስዋና ለእናንተ እነሆ ጻፍሁ። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ፥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ አገርም ቢሆን ሴት በአደባባይ ስታጨስ መታየት ነውር ነበረ። ስለዚህ የሲጋራ ነጋዴዎች ከሕዝቡ እኩሌታ የሚያገኙት ገንዘብ ጥቂት ነበር። የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ አለቃ የነበረው ጆርጅ ዋሽንግተን ሂል ይህን ተመለከተ፤ በደጁ ያልተቈፈረ የወርቅ ጕድጓድ እንዳለ ሰው ሆነ። በ1928ም ላኪ ስትራይክ ለሚባለው ሲጋራ አዲስ ማስታወቂያ አወጣ። ምክሩም፥ ጣፋጭ ነገር ባማራችሁ ጊዜ በከረሜላ ፈንታ ሲጋራ አንሡ የሚል ነበረ። በዚያ ዘመን የከተማ ሴቶች ቅጥነትን ውበት አድርገው ይቈጥሩ ነበርና፥ ማስታወቂያው በመወፈር ፍርሃት በኩል ወደ ልባቸው ገባ። የከረሜላ ነጋዴዎች እንኳ ገበያችንን ሊያጠፋ ነው ብለው ጮኹ።

ልጅ ወፈረች ሲባል እናት «ተመስገን» በምትልበት አገር ይህ ነገር ያስቀን ይሆናል። ነገር ግን አንሣቅ። አታላይ ሰው አስቀድሞ የሰሚውን ፍርሃት ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ ለፍርሃቱ የሚስማማ ልብስ ይሰፋል። በኒው ዮርክ የሴቶቹ ፍርሃት መወፈር ነበረ፤ በሞጣ የተማሪዎቻችን ፍርሃት «ኋላ ቀር» መባል ነው። ልብሱ ይለያያል እንጂ ልብስ ሰፊው አንድ ነው።

አሁን ቃሉን እንደ ቁናው ገልብጠን እንየው። በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን የምግብን ፍላጎት ጥቂት እንደሚቀንስ እውነት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ፈጽሞ የፈጠራ ወሬ አልነበረም። ነገር ግን ያው ኒኮቲን የለመደውን ሰው እንደ ባሪያ እንደሚይዝ፥ ጢሱም ሳንባን እንደሚያበላሽ ማስታወቂያው አልተናገረም። የተነገረው የቁናው አፍ ነው፤ ያልተነገረው የቁናው ታች ነው።

ሁለተኛው ማታለያ በሐኪም ስም የመጣ ነው። በ1930 ያው ኩባንያ 20,679 ሐኪሞች ላኪ ስትራይክ ከሌላው ሲጋራ ይልቅ ጕሮሮን እንደማይቈረቍር መስክረዋል ብሎ አሳተመ። ቍጥሩን ተመልከቱ። ሃያ ሺህ ያህል አላለም፤ እስከ መጨረሻይቱ ዘጠኝ ድረስ ቈጥሮ አስቀመጠ፤ በቍጥር የሚጠነቀቅ ሰው በነገሩም የሚጠነቀቅ ይመስላልና። ሐኪሞቹ በእውነት መልስ ሰጥተው ነበር። ነገር ግን ኩባንያው አስቀድሞ ሲጋራውን በነጻ ልኮላቸው ነበር፤ ጥያቄውም የተፈለገውን መልስ እንዲያመጣ ሆኖ የተሰናዳ ነበር። ስለ ሳንባ፥ ስለ ልብ፥ በማኅፀን ስላለ ሕፃን የጠየቃቸው አልነበረም።

በ1946ም ሌላ ኩባንያ ካሜል የሚባለውን ሲጋራ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ብዙ ሐኪሞች ያጨሱታል ብሎ፥ ነጭ ልብስ የለበሰ ሐኪም ሥዕል በመጽሔቶች ላይ አወጣ። እንግዲህ ሐኪም ያጨሰዋል ማለትና ሐኪም መርምሮ መልካም ነው አለ ማለት አንድ ነውን? ጠጅ የሚወድ ዳኛ በጠጅ ቤት ቢታይ፥ ጠጅ በፍርድ ቤት ረታ አይባልም። ዳግመኛም በጤና ጣቢያ ደጃፍ ልጅዋን ታቅፋ የምትቀመጠውን እናት አስቡ። ነጭ ልብስ የለበሰው ሰው ያዘዘውን መድኃኒት ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቅ ለልጅዋ ታጠጣለች። ያ እምነት በብዙ ሐኪሞች ድካምና ታማኝነት የተገኘ ነው። ያን እምነት ተውሶ ሲጋራ የሸጠበት ሰው የድውይን ምርኩዝ ሰርቋል።

ሦስተኛው ማታለያ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል፤ የተደረገውም በትንሣኤ በዓል ነው። ማርች 31 ቀን 1929 የፋሲካ እሑድ ነበረ። በዚያን ቀን የኒው ዮርክ ሰዎች በዓሉን ለብሰው አምስተኛ ጎዳና በሚባለው መንገድ ይመላለሱ ነበር። ኤድዋርድ በርኔይስ የሚባል፥ የሕዝብን አሳብ ማዞር ሥራው የሆነ፥ የዝነኛው የሲግመንድ ፍሮይድ የእኅት ልጅ፥ በሂል ገንዘብ ተቀጥሮ ወጣት ሴቶች በዚያ ጎዳና ላይ እያጨሱ እንዲሄዱ አዘጋጀ። ጋዜጠኞችም እንዲያዩ አስቀድሞ ወሬው ደረሳቸው። ሲጋራው የነጻነት ችቦ ተባለ። ለሚያየው ሰው ሴቶቹ በገዛ ልባቸው ተነሥተው መብታቸውን የጠየቁ ይመስሉ ነበር፤ የነጋዴው እጅ ግን ተሰውሮ ነበር። የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነበርና፥ ነጻነት የሚለው ቃል በልባቸው ገና ትኩስ ነበረ።

ችቦ ምን እንደ ሆነ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። በደመራ ጊዜ ሽማግሌውም ሕፃኑም ይዞት ይወጣል፤ የያዘው ሰው ለሌላው ያበራል። ያ በኒው ዮርክ የተለኰሰው ችቦ ግን የያዘችውን ሴት ሳንባ አቃጠለ፤ ብርሃኑም የበራው በኩባንያው የገንዘብ ሣጥን ላይ ነበረ።

ደግሞም ይህን ስሙ። የበርኔይስ ልጅ በኋላ እንደ መሰከረችው፥ አባትዋ የሚስቱን ማጨስ ይጠላ ነበር፤ ሲጋራዋን ሲያገኝ እየሰባበረ ይጥለው ነበር። እርሱ ራሱም አያጨስም ነበር። እንግዲህ ለሰው ሚስትና ለሰው ልጅ ነጻነት ብሎ የሰጠውን ነገር ከገዛ ቤቱ እንደ መርዝ አወጣው። ጌታችን ሕግንና ነቢያትን ሁሉ በአንድ ቃል ሲያጠቃልል (ማቴዎስ 7፥12) ለራስህ የምትወደውን ለሌላው አድርግ ያለበት ሚዛን ይህ ነው፤ በዚህ ሚዛን ያ ሰው ቀለለ። እውነቱን ለመናገር፥ በ1960ዎቹ ሲጋራ የሚያመጣው ጕዳት ከተገለጠ በኋላ፥ በርኔይስ ማስታወቂያውን ከሚቃወሙት ጋር ቆሟል። ይህን ስለ አደረገ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን በአንድ ቀን የተለኰሰ እሳት በአንድ ቀን አይጠፋም።

የዚህ ሐሰት ፍሬ ቶሎ አልታየም፤ ኀይሉም በዚህ ነበረ። መርዝ የጠጣ ሰው በዚያው ቀን ቢወድቅ መርዝ ሻጩ ይያዛል። ከማጨስ የሚመጣው የሳንባ ካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ የሚገለጥ ነው። በ1950 በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል፥ በአሜሪካም ዊንደርና ግራሃም፥ የሳንባ ካንሰር ከሲጋራ ጋር እንደ ተያያዘ በምርመራ አስረዱ። ሰዎች ሲፈሩ ነጋዴዎቹ ፍርሃቱንም ሸጡት። በ1952 ኬንት የሚባል ሲጋራ ጤናን የሚጠብቅ ማጣሪያ አለው ተብሎ ወጣ። ያ ማጣሪያ እስከ 1956 ድረስ የተሠራው አስቤስቶስ ከሚባለው፥ እርሱ ራሱ ካንሰር ከሚያመጣው ድንጋይ ጭምር ነበረ። በ1954ም ኩባንያዎቹ ተባብረው ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ፥ የሰውን ጤና ከንግዳችን አስቀድመን እናስባለን ብለው አሳተሙ።

በ1964 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም ሉተር ቴሪ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ ገለጠ። ይህ ከተገለጠ ከ4 ዓመት በኋላ፥ በ1968፥ ቨርጂኒያ ስሊምስ የሚባል፥ ለሴቶች ተብሎ ቀጥኖ የተሠራ ሲጋራ ወጣ። ማስታወቂያውም ሴቶች ከቀድሞው ጭቈና ብዙ መንገድ ተጕዘው እዚህ ደረሱ እያለ ያሞግሳቸው ነበር። የመንገዱ መጨረሻ ወዴት እንደ ሆነ በ1987 ታየ። በዚያ ዓመት በአሜሪካ አገር በሳንባ ካንሰር የሞቱት ሴቶች በጡት ካንሰር ከሞቱት በለጡ። በ2006 ግላዲስ ኬስለር የተባለች ዳኛ ኩባንያዎቹ ሕዝቡን ለብዙ ዘመን እንዳታለሉ፥ «ቀላል» የሚለውም የሲጋራ ስም ከጕዳት የሚያድን አስመስለው እንደ ሸጡበት ፈረደች።

እዚህ ላይ የተማረ ሰው ሁለት ነገር ይመልስልኛል። በመጀመሪያ፥ በ1928 ስለ ካንሰሩ ያወቀ አልነበረም፤ የማያውቅ ሰው እንዴት ይዋሻል? ይለኛል። እኔም እላለሁ፤ ጕዳቱን አለማወቃቸው እውነት ይሁን። ነገር ግን ጤና እንደሚሰጥም አያውቁም ነበር። በአደባባይ ቆሞ ያላየውን አይቻለሁ የሚል ምስክር፥ ነገሩ እንደ ዕድል እውነት ቢሆን እንኳ፥ ሐሰተኛ ምስክር ነው። በባልንጀራ ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር የሚከለክለው ትእዛዝ (ዘጸአት 20፥16) ሳታውቅ የመሰከርኸውንም ይይዛል። ካወቁ በኋላ የተናገሩትንማ ማን ያጸድቀዋል?

ሁለተኛም፥ ማንም አላስገደዳቸውም፤ ሴቶቹ በፈቃዳቸው ገዙ፤ ነጻ ሰው የመረጠውን ማን ይከለክለዋል? ይለኛል። ይህ ብርቱ ጥያቄ ነው፤ እግዚአብሔር ሰውን በነጻ ፈቃድ ፈጥሮታልና። ነገር ግን ምርጫ ዓይን ይፈልጋል። ሙሴ በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ሲከለክል (ዘሌዋውያን 19፥14) ዕውሩ የሚሄደው በፈቃዱ አይደለምን? እግሩን የሚያነሣው ራሱ ነው፤ ሆኖም በደሉ ድንጋዩን ካኖረው ሰው ነው። ከዚህም በላይ ኒኮቲን የሚወስደው ራሱን ፈቃድን ነው። የመጀመሪያይቱን ሲጋራ የመረጠች ሴት አሥረኛይቱን ትመርጣለች፤ ሺኛይቱን ግን ሲጋራው ይመርጥላታል። በነጻነት ስም የነጻነትን ማጣት መሸጥ ከሐሰት ሁሉ የከፋ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ያገኘ ይመስለኛል። ሰው በእውነተኛ ቃል ሊዋሽ ይችላል፤ ሐሰት በቃል ብቻ ሳይሆን በሰሚው ልብ ሊተከል በታሰበው አሳብ ነውና። በዘፍጥረት 3ኛ ምዕራፍ እባቡ ለሔዋን ከነገራት መካከል ዓይናችሁ ይከፈታል ያለው ተፈጽሟል፤ ዓይናቸው ተከፈተ፤ ያዩት ግን ራቁትነታቸውን ነበረ። ኀጢአቱም ከግልጥ ሐሰት ይበልጣል። ግልጥ ሐሰት አንድ ቀን ይያዛል፤ ሲያዝም እውነት ንጹሕ ሆና ትቀራለች። በእውነት ቃል የሚዋሽ ሰው ግን እውነትን ራስዋን የሌባ ተባባሪ ያደርጋታል። ከዚያ በኋላ ሐኪም እውነቱን ቢናገር ማን ያምነዋል? ነጻነት የሚለውንስ ቃል ማን ያለ ጥርጣሬ ይሰማዋል?

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብላችሁ መጽሐፉን አትጠፉ፤ ወደ ገዛ አገራችን እንመለስ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በነገሡበት ዘመን፥ ከ1872 እስከ 1889፥ ትምባሆን በብርቱ ቅጣት ከልክለው ነበር። ቅጣት ግን እጅን ይይዛል እንጂ አእምሮን አያበራም፤ ዘመኑ ባለፈ ጊዜ ክልከላውም አለፈ። ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ ከመንገዱ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ መርጡለ ማርያም አለ። ያን ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራችው እቴጌ እሌኒ ናት፤ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከች፥ በአእምሮዋ ነገሥታትን የመከረች ሴት። በእኛ ዘመን ደግሞ «እሌኒ» የሚል ስም የተጻፈበት ሲጋራ በአገራችን ፋብሪካ ተሠርቶ ተሽጧል። ስሙን ብዙ ሴቶች ይጠሩበታል፤ ነገር ግን በምሥራቅ ጎጃም ይህን ስም የሰማ ሰው መርጡለ ማርያምን ያስባል። ስም ብቻውን ማስታወቂያ ነው፤ የከበረ ስም በፓኮ ላይ ሲጻፍ ክብሩ ከጢሱ ጋር ይሄዳል።

በ2016 በአገራችን በተደረገው ምርመራ ከጎልማሶች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፥ ከሴቶች 1.8 በመቶ። በዚያው ዓመት የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅታችን 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በሚከተለውም ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ያህል አደረሰ። ከመቶ ሴቶች ሁለት እንኳ በማያጨሱበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስስ ነጋዴ ምን ያያል? ነጋዴ ያለውን ገበያ ብቻ አይገዛም፤ ይመጣል ብሎ ተስፋ የሚያደርገውንም ይገዛል። ሂል በ1928 የተመለከተው እንዲህ ያለውን ሜዳ ነበረ።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 የትምባሆን ማስታወቂያ ሁሉ ከልክሏል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ፥ ጣዕም የተጨመረበትም ትምባሆ እንዳይሸጥ፥ የማስጠንቀቂያውም ሥዕልና ጽሑፍ የፓኮውን 70 በመቶ እንዲሸፍን አዝዟል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕግ የሚይዘው የታተመውን ማስታወቂያ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደውን ማን ይይዘዋል? ዛሬ በከተሞቻችን ሺሻ አይጐዳም፥ ውሃው ጢሱን ያጥበዋል ሲባል ትሰማላችሁ። አያቶቻችን ስለ ጋያ ይሉት የነበረውን የሚመስል ነገር ነው። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያወጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በአንድ ሰዓት ያህል የሺሻ መቀመጫ የሚሳበው ጢስ ብዛት ከአንዲት ሲጋራ ጢስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የኬንት ማጣሪያ በ1952 የተናገረውን ቃል ዛሬ ውሃው ይናገራል።

አሁን ወደ ሞጣዪቱ ተማሪ ልመለስ፤ የእርስዋ ጥያቄ ከበርኔይስ ይልቅ እኔን ይፈርድብኛልና። ነጋዴው ያን ሐሰት ሊሸጥ የቻለው ከሐሰቱ በታች እውነተኛ በደል ስለ ነበረ ነው። ለወንዱ የተፈቀደው ለሴቲቱ ነውር ነበረ። እኔም በዚያ ቤት ቆሜ ጢስ ይጐዳል ብል እውነት ተናግሬ ነበር። ነገር ግን «ለሴት ልጅ ነውር ነው» አልሁ፤ በአጠገቤ ተቀምጦ ልብሱ የሲጋራ ጢስ ይሸት ለነበረው ወንድሜ ግን አንድ ቃል አልተናገርሁም። በዘዳግም 25፥13-14 እግዚአብሔር በአንድ ቤት ታላቅና ታናሽ መስፈሪያ እንዳይኖር ይከለክላል። በእኔ ቤት ግን ሁለት ቁና ነበረ፤ አንዱ ለወንዶች፥ አንዱ ለሴቶች። የጤፍ ሻጩን ቁና ስመረምር የራሴን ቁና ታች አላየሁም ነበር። እኔም በእውነተኛ ቃል ዋሽቼ ነበር።

ስለዚህ፥ እኅቴ ሆይ፥ መልሴ ይህ ነው። ኀጢአቱ ከሴትነትሽ አይደለም። ሰውነት የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው ተብሎ (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19) የተጻፈው ለወንድምሽም ለአንቺም ነው፤ ለእርሱ የማይገባው ለአንቺም አይገባም፤ ለአንቺ የማይገባው ለእርሱም አይገባውም። ከወንድምሽ ጋር እኩል ልትሆኚ መፈለግሽ መልካም ነው። ነገር ግን በበሽታው እኩል ከመሆን በትምህርቱ፥ በርስቱ፥ በምክሩ እኩል መሆን ይሻልሻል። እነዚህን ነጋዴ በነጻ አያድልም፤ ሲጋራውን ግን ያድላል። ምን ያህል እንደሚሸጥልሽ ሳይሆን፥ ከሸጠልሽ በኋላ ምን እንደሚቀርልሽ ቍጠሪ።

ወንድሞቼ ሆይ፥ ለእናንተም የምናገረው አለኝ። በ1981 ሂራያማ የሚባል የጃፓን ሐኪም፥ ራሳቸው የማያጨሱ ሴቶች ባሎቻቸው አጫሾች በሆኑ ጊዜ በሳንባ ካንሰር ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳየ። ከምድጃው ጢስ ያልተረፈችውን ሚስትህን በሲጋራህ ጢስ ደግሞ አትጨምርባት። ሴት ልጅህን ነውር ነው ብለህ ከመገሠጽህ በፊት በኪስህ ያለውን ፓኮ አውጣ። ሴት ልጅህ ትምህርት ቤት እንድትሄድ የከለከልሃት፥ ያለ ዕድሜዋ ለባል የሰጠሃት እንደ ሆነ፥ እውነተኛውን ነጻነት የዘጋኸው አንተ ነህ፤ ሐሰተኛውን ይዞ በጓሮ የሚመጣው ነጋዴ በሩን የሚያገኘው በዚያ ነው።

በሱቅ የምትሸጡ ወዳጆቼ ሆይ፥ እኔ አልዋሸሁም፥ የጠየቀኝን ሰጠሁ እንጂ አትበሉ። ያን ቃል የቢቸናው ጤፍ ሻጭም ይለዋል። ለገዛ ልጃችሁ የማትሰጡትን ለሰው ልጅ አትስጡ።

መምህራንና ሰባኪዎች ሆይ፥ እኛም ቁናችንን ገልብጠን እንይ። እውነት በእኩል ካልተሰፈረች በቀር የሚሰማት አይኖርም። ያች ተማሪ በሞጣ ከእኔ የጠበቀችው ብዙ አልነበረም፤ ለወንድምዋ በሚሰፈርበት ቁና ይሰፈርላት ዘንድ ብቻ ነበረ። ዳግመኛ ወደ ሞጣ ስወርድ ይህን በፊትዋና በዚያ ወንድማችን ፊት ልናገር ወስኛለሁ።

እውነተኛውን መስፈሪያ የሚወድ እግዚአብሔር ልባችንንም አንደበታችንንም ያቅናልን። አሜን።